ሰላምታ የማይበቃው ወንድሜ

ወንድሜ ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ ዝም ማለት አይችልም ነበር። ከዲላ ወናጎ በመኪና ሩቅ አይደለም። ለእሱ ግን ያቺ መንገድ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ላም ስንት ጊዜ እንደወለደች፣ አማቱ ለምን እንደተቀየመችው፣ የፊት ጥርሱን ምን እንደሰበረው ለማወቅ ትበቃዋለች። ስንወርድ ሰውዬው ወንድሜን አገላብጦ ይስመዋል። እኔን ግን «ይኼኛውስ ይናገራል?» በሚል ዓይን ያየኛል።

እናገራለሁ። ግን ቀስ ብዬ ነው። አንድ ነገር ለማለት ስፈልግ ቃሎቹን አስቀድሜ በሆዴ እደረድራቸዋለሁ። ደርድሬ ስጨርስ ሰውዬው ሄዷል። ወንድሜ በዚህ ነገር አይምረኝም ነበር።

«አንተ እኮ» ይለኛል፣ «‹እንደምን አደሩ› ለማለት ረቂቅ ትጽፋለህ። ረቂቁ እስኪጸድቅ ሰውዬው ውሎ ይገባል።»

ይህን የሚለኝ ሰው ፊት ነው። ሰው ይስቃል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ የምመልስለት ነገር የሚመጣልኝ በማግስቱ ነው።

በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን የሞተው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ስለሆነ ደብተሬንም ጫማዬንም የገዛልኝ እሱ ነው። ሥራው የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ነበር። አንዲት የቆዳ ቦርሳ ነበረችው፤ በውስጧ መፍቻ፣ መርፌ፣ ቁራጭ ጨርቅና አፏ እንደ ወፍ የሾለ የቅባት ቆርቆሮ አሉ። እሷን አንግቶ ገበያ ከገበያ ይዞራል። ዛሬ ይርጋ ጨፌ ነው፣ ነገ ፍስሐ ገነት ነው። በሱቅ በረንዳ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ያውቁታል። የማያውቁትም ቢኖሩ ተዋውቀው ነው የሚለያዩት።

አንድ የገበያ ቀን አብሬው በእግር ስሄድ፣ ከፊታችን አንድ ሰውዬ አውራ ዶሮ በብብቱ ይዞ ይሄድ ነበር። ወንድሜ ፈጠን ብሎ ደረሰበትና ስሙን ሳይጠይቀው፣ እንዴት ዋልክ እንኳ በቅጡ ሳይለው፣

«ይኼ ዶሮ ምን አጥፍቶ ነው የተያዘው?» አለው።

ሰውዬው ቆመ። ወንድሜን አየው፤ ዶሮውን አየው።

«ጎህ ሳይቀድ እየጮኸ ነው» አለ። «ሚስቴ ‹ወይ እሱ ወይ እኔ› አለችኝ።»

«እና እሷን መረጥክ?»

«ገና እያሰብኩበት ነው» አለ ሰውዬው።

እስከ ገበያው ድረስ ሲሳሳቁ ሄዱ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ማታ ቤት ስንገባ ወንድሜን ጠየቅኩት። ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራት ጥቅሙ ምንድን ነው አልኩት።

«የምታውቀው ሰው እኮ የሚነግርህን ታውቀዋለህ» አለኝ። ቀጥሎም እንደ ትልቅ ምስጢር፣ «ሰውን ስለ ራሱ አትጠይቀው። የያዘውን ጠይቀው። ስሙን ከጠየቅከው ግብር ሰብሳቢ ትመስለዋለህ፤ ዶሮውን ከጠየቅከው ግን ዘመዱ ነህ» አለኝ።

ይህን በደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ሲያየኝ በሳቅ ወደቀ። «ጻፈው!» አለ ለእናታችን እየጠቆመ። «እማዬ፣ ጻፈው እኮ!»

ባለፈው ዓመት፣ በልጉ ዝናብ በጠነከረበት ሰሞን፣ ወደ ፍስሐ ገነት እንደ ወትሮው ሄደ። በአራተኛው ቀን ጠዋት በጭነት መኪና፣ በቡና ጆንያዎች መካከል፣ በጋቢ ተጠቅልሎ መጣ። ዲላ መግቢያ ኬላው ላይ ሲፈተሽ ጠባቂዎቹ ፊቱን ገልጠው አወቁት። መቼም ከእነሱም ጋር ሳያወራ አያልፍም ነበር። ሾፌሩን መንገድ እየመሩ ወደ ቤታችን አመጡት።

ሾፌሩ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ አገሩን አያውቅም። «ከፍስሐ ገነት ወዲህ መንገድ ዳር ሰዎች አስቆሙኝ» አለን። «ንዳድ ነው የገደለው መሰለኝ። ‹ዲላ፣ ዲላ› አሉኝ። ሌላ ያሉትን አልሰማኋቸውም፤ በቋንቋቸው ነበር።» ቦርሳዋን ሰጠን፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ማን እንደነበሩ አልጠየቅነውም። በዚያች ሰዓት ማን ይጠይቃል? ወንድሜ ቢሆን ይጠይቅ ነበር።

እናቴ ለቅሶ ላይ አልጮኸችም። ሴቶቹ ይህን አልወደዱላትም። ቁጭ ብላ፣ ለገባው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ታቀርብ ነበር።

«ውሃ ማን አቀበለው?»

ንዳድ የያዘው ሰው ከሁሉ በፊት የሚለምነው ውሃ ነው። ይህን እሷ ታውቃለች፤ አባታችንን ያስታመመችው እሷ ናት። ልጇ የሞተው ሰው ቤት ይሁን መንገድ ዳር፣ አጠገቡ ሰው ይኑር አይኑር አላወቀችም። ሰዎቹ የሚመልሱላት ሲያጡ «እግዜር ያውቃል» ይሏታል።

«እግዜር ማወቁንማ አውቃለሁ» ትላለች። «እኔ የፈለግሁት ሰው የሚያውቀውን ነው።»

አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ጥያቄው አልቀረም። ምግብ ትጎርስና ታቆማለች። ውሃ ስትጠጣ ደግሞ... ይህን አልጽፈውም። አርባው ወጥቶ ቤቱ ጭር ሲል፣ «እኔ ሄጄ እጠይቃለሁ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እናቴ ጨዋ ስለሆነች አልሳቀችም።

«አንተ?» አለች ብቻ።

ከትምህርት ቤት የሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። ከዚያም ረቂቅ ጻፍኩ። የምሬን ነው። በወረቀት ላይ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ «ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከዲላ ከተማ የመጣሁ ተማሪ ስሆን፣ በዚህ አካባቢ ታሞ ስላረፈው ወንድሜ የሚያውቁት ካለ ያስረዱኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብዬ ጻፍኩና በቃሌ አጠናሁት።

ማልጄ ወደ ፍስሐ ገነት በሚወርድ ባዶ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ከላይ አሥር የምንሆን ሰዎች ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠናል። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ኮታቸው ለሁለት ሰው ይበቃል። ጭናቸው ላይ አዲስ የእንጨት መስኮት አቁመዋል። መስታወትም መዝጊያም የለውም፤ ባዶ አራት ማዕዘን ነው። ሽማግሌው በመስኮቱ ውስጥ አንገታቸውን ብቅ አድርገው መንገዱን ያያሉ።

መኪናው ሲንገጫገጭ ወደሳቸው ተንሸራተትኩ።

«አንቺ ልጅ!» አሉኝ። «ቀስ በይ፣ መስኮቴን ትሰብሪያለሽ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እንግዲህ እኔ በክፍላችን በሰዋስው የሚያክለኝ የለም። ተባዕታይና አንስታይን ያለ ስህተት የምለይ ሰው ነኝ። ቃሎቼን ደረደርኩና፣

«አባባ፣ እኔ... እኔ ወንድ ነኝ» አልኳቸው።

«አይቻለሁ» አሉ። «ዓይን አለኝ። ወንድ ነሽ። አሁን ጠጋ በይ።»

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ወረድ ብዬ በእግሬ ብሄድ ደስ ባለኝ። ነገር ግን የመጣሁት ሰው ላነጋግር ነው። የወንድሜ ምክር ትዝ አለኝ፤ የያዙትን ጠይቅ። ከወናጎ ጀምሬ ሳሰላስል ቆይቼ ይርጋ ጨፌ ልንደርስ ስንል ጥያቄዬን አወጣሁት።

«አባባ፣ መስኮቱ... ለምን ነው?»

«ለመስኮት» አሉኝ።

እንደገና ተሳቀ። ግን አዘኑልኝ መሰለኝ፣ መስኮቱን ደገፍ ብለው ነገሩን ማስረዳት ጀመሩ።

«ቤቴ መስኮት የላትም። አባቴ ቤት መስኮት የላትም፤ የአባቴ አባት የላትም። በር አለ፣ በቃ። አንድ እንግዳ መጣች፣ መንገደኛ። ታማ ነበር። ቤቴ ተኛች። ተኝታ ታወራለች። ‹አባባ› አለችኝ፣ ‹ቤትዎ ጨለማ ነው። ድምፅ እሰማለሁ እንጂ ፊት አላይም። ከማን ጋር እንደማወራ በምን አውቃለሁ? መስኮት ያውጡለት እንጂ።› እሺ አልኳት። እሺ አልኩ፣ ሞተች። እሺ ያልኩት ግን አልሞተም። ገዛሁ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የነበረችው ሴት ነጠላዋን አወረደች።

«ነፍሷን ይማር» አልኩ እኔ። «ዘመድዎ ነበረች?»

«አይደለችም። መንገድ ላይ አገኘኋት።»

አንዲት ምስኪን መንገደኛ ሴት ታየችኝ። ሸክላ ሻጭ ትሆናለች ብዬ ገመትኩ። አሳዘነችኝ። ይበልጥ ግን ራሴ ደስ አለኝ። ከማላውቀው ሰው ጋር እያወራሁ ነው! ሰውዬው እኔን «አንቺ» ሲሉኝ ስህተታቸውን በሆዴ በቀይ ቀለም አርሜያለሁ። ስለ ሌላ ሰው «እሷ» ሲሉ ግን እንዳለ ተቀበልኩት። ወንድሜ ስለ ሰዋስው ውጤቴ ሲነግሩት «ታዲያ ይኼ ምኑን ይጠግነዋል?» ይል ነበር። የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ፍስሐ ገነት ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሽማግሌው ሾፌሩን በጩኸት አስቆሙት። መስኮቱን አቀበልኳቸው። ከታች ሆነው በመስኮቱ ውስጥ አዩኝ።

«ነይ፣ ቤቴን እይ» አሉኝ። «ቁርስ አለ።»

«ጉዳይ አለብኝ፣ አባባ።»

«ጉዳይ የሌላት ሰው የለችም» ብለው መስኮቱን አንገታቸው ላይ አጠለቁና በእንሰቶቹ መካከል ገቡ።

ፍስሐ ገነት ደርሼ ረቂቄን ሥራ ላይ አዋልኩት። መጀመሪያ ያገኘኋት አረቄ የምትሸጥ ሴት ነበረች። «ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ከዲላ ከተማ የመጣሁ...» ስል ጠርሙሶቹን ከመደርደሪያው ላይ ማንሳት ጀመረች። «ጌታዬ፣ እኔ የእህቴን ቤት እየጠበቅኩ ነው እንጂ ሻጭ አይደለሁም» አለችኝ። ሁለተኛው ቡና የሚያሰጣ ሰውዬ ነው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝና «ስንት ነው የምናዋጣው?» አለኝ። ሦስተኛው «በትሕትና» የሚለው ላይ ስደርስ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝና ማመልከቻ እንድጽፍለት ከወንድሙ ጋር የተጣላበትን መሬት ታሪክ ከአያቱ ጀምሮ ነገረኝ። ጻፍኩለት። ምን ላድርግ?

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ምንም አላገኘሁም። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሱቁ የአንድ እስላም ነጋዴ ነው፤ በረንዳው ላይ አንድ ጎልማሳ ልብስ ሰፊ ቆብ አድርጎ ይሰፋል። መኪናው ያንኳኳል። ታክ ታክ ታክ ይልና እንደሚያስነጥስ ሰው ቆም ይላል። ረቂቁን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት። ከዚያ ሳላስበው፣ ሳልደረድረው፣

«ይኼ መኪና ምን ነክቶት ነው የሚያስነጥሰው?» አልኩት።

ልብስ ሰፊው እግሩን ከመርገጫው አነሳ።

«ሐኪሙ ሞቶበት ነው» አለኝ።

«የቱ ሐኪም?»

«አንድ የዲላ ልጅ ነበር። በየገበያው እየመጣ የሚጠግንልኝ። ወላሂ፣ ከመኪናው ይልቅ እኔን ነበር የሚፈታታኝ። ጉራጌ አገር ያለች አክስቴን ስም እንኳ ያውቃል፤ እኔ ረስቼው እሱ ነው ያስታወሰኝ!» ከዚያ ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ... ግንባርህ የሱ ነው።»

ወንድሙ ነኝ አልኩት። ተነሥቶ ጨበጠኝ፤ እጄን ሳይለቅ ተቀመጠ። ነፍሱን ይማርልህ አለ። ወንድሜ በዚያ ቀን እየተንቀጠቀጠ እንደሠራ ነገረኝ። እዚህ እደር ቢለው «እናቴ ትጠብቀኛለች፣ መንገድ ላይ መኪና አላጣም» ብሎ በእግሩ ተነሣ።

«ብቻውን?» አልኩ።

«ኧረ አይደለም። እሱ መቼ ብቻውን ሄዶ ያውቃል? ከገበያ ከሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ጋር እያወሩ ሄዱ። ታውቃቸው እንደሆነ... ኮታቸው ሰፊ ነው። እኚያ ሁሉን ሰው ሴት የሚያደርጉት።»

የጨበጠኝን እጁን እኔም ጨበጥኩት።

«ሁሉን ሰው?»

«ሁሉን ሰው! እኔን ‹አንቺ› ነው የሚሉኝ። ሼኩን ‹አንቺ›፣ ፖሊሱን ‹አንቺ›። ሚስታቸውን ግን ‹እሱ› ይሏቸዋል። ወንድምህማ በጣም ወደደላቸው። ‹ሰላም ነሽ?› ሲሉት ‹ደኅና ነኝ፣ አግብቼ ሦስት ወለድኩ› ይላቸው ነበር።»

ሳቅኩ መሰለኝ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሸክላ ሻጯ ሴት ከዓይኔ ጠፋችና በቦታዋ ወንድሜ ተኛ። ጠዋት ሙሉ ከጎኔ ተቀምጠው የወንድሜን የመጨረሻ ቃል ሲነግሩኝ፣ እኔ ነፍሷን ይማር ብዬ አለፍኩ። ቁርስ ጋብዘውኝ ጉዳይ አለብኝ አልኩ።

ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ፤ ግማሹን ሮጥኩ። ጠመዝማዛው ጋ ስደርስ ያገኘሁትን ሁሉ «መስኮት የገዙት ሽማግሌ ቤት የት ነው?» አልኩ። ረቂቅ አላስፈለገኝም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ መስኮት ነበር። አንዱ «ብርድ ሊያስገቡ ነው» አለኝ። ሌላው «ሌባ እንዳይቸገር ነው» አለ። ሁለቱም ግን መንገዱን አሳዩኝ።

ሽማግሌው ግድግዳውን በመጥረቢያ ሲፈልጡ ደረስኩ። የመስኮቱ እንጨት በሩ ላይ ተደግፏል። ባለቤታቸው ጭቃ ያቦካሉ።

«መጣሽ?» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «ጉዳይሽ አለቀች?»

«አባባ፣ ያ እንግዳ... መስኮት ያውጡ ያለዎት...» ቃሉ አልወጣ አለኝ። ቆሜ ጠበቅኩት። እሳቸውም መጥረቢያቸውን አውርደው ጠበቁኝ። «የልብስ መኪና ጠጋኝ ነበር?»

አዩኝ። ወደ ቤት ገብተው ወጡ። እጃቸው ላይ አፏ እንደ ወፍ የሾለ የቅባት ቆርቆሮ አለች።

«የቤቴ በር ይጮህ ነበር» አሉኝ። «እየተንቀጠቀጠች በሩን ቀባች። ‹በሩ ለምን ያለቅሳል? ማን መታው?› ብላ። ከዚያ ተኛች።» ቆርቆሮዋን ሰጡኝ። «ወንድምሽ ነች?»

ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት ሰዋስው ሁሉ በዚያች ደቂቃ ጥሎኝ ሄደ።

«አዎ» አልኳቸው። «ወንድሜ ነች።»

መጥረቢያውን ጥለው አቀፉኝ። ባለቤታቸው በጭቃ እጃቸው መጥተው አንገቴን ያዙ። እስከ ዛሬ የኮቴ ኮሌታ ላይ የእጃቸው ምልክት አለ፤ እናቴ እንዲታጠብ አልፈቀደችም።

ከዚያ ተቀምጠን ነገሩኝ። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ሁለት ቀን መኪና አላለፈም። በእነዚያ ሁለት ቀናት ወንድሜ ንዳዱ ለቀቅ ሲያደርገው ይጠይቃል። የእንስራውን አፍ ማን እንደሸረፈው ጠየቀ። ሊጠይቁት የመጡትን ጎረቤቶች እሱ ጠየቃቸው። የአንዱን የሃያ ዓመት ጠባሳ ታሪክ ሚስቱ እንኳ የሰማችው ያን ቀን ነው አሉኝ።

«ስሙን ለምን አልጠየቃችሁትም?» አልኩ። «አገሩን፣ የእናቱን ቤት?»

«ጠየቅኳት!» አሉ ሽማግሌው። «‹ቆይ፣ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ የእርስዎን ልጨርስ› አለችኝ። የእኔ ረጅም ነው። ዲላ ማለቷን ብቻ አውቃለሁ።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «መስኮት ልገዛ ዲላ ስሄድ ፈለግኩ። ‹የሞተችው ልጅ እናት ቤት የት ነው?› አልኩ። ወሰዱኝ። ድንኳን አለ። ገባሁ፣ አለቀስኩ፣ ንፍሮ በላሁ። የተናገርኩትን ሁሉ ሰሙኝ፤ ‹ስትቀልድ ነው የሞተችው› አልኳቸው። በኋላ አንዱ ነገረኝ። ሌላ ልጅ ነች። ሴት ነች።»

ይህን ሲሉ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ዓይናቸው ግን ያለቅስ ነበር። እኔም እንደዚያው። ባለቤታቸው ምን እንደሚያስቀን በጌዴኦኛ ጠየቁ። ሽማግሌው ነገሯቸው። እሳቸው አልሳቁም። አንድ ነገር አሉ፤ ሽማግሌው ተረጎሙልኝ።

«‹ውሃ እኔ ነኝ ያጠጣሁት› ይላል። ‹ራሷን በክንዴ ይዤ። በቅል። ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠጣች፣ ከዚያ ሄደች። ለእናቷ ንገሪ› ይላል።»

በማግስቱ ዲላ ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁሉን ነገርኳት። ስቸኩል ቃሎቹ እየተጣበቁብኝ፣ ሽማግሌው እንዳሉት እያልኩ ነገርኳት። «ራሷን በክንዳቸው ይዘው አጠጧት» ስል፣ «ማንን?» አለች ደንግጣ። አስረዳኋት። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ሼኩ፣ ስለ ፖሊሱ፣ ሽማግሌው ለማያውቋት ልጅ ስላለቀሱት ለቅሶ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ለቅሶው መጣ ብዬ ፈራሁ። ሳቅ ነበር። ከአርባ ቀን በላይ ያልሰማሁት ነው።

ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?» አለችኝ።

አልጠየቅኩም።

«ወንድምህ ቢሆን ይጠይቅ ነበር» አለች።

«እሱ ቢሆን እንስራውን ማን እንደሠራውም ይጠይቅ ነበር» አልኳት።

በሳምንቱ አብረን ሄድን። እናቴ ከዲላ ወጥታ ወደ ደቡብ ሄዳ አታውቅም። ጭነት መኪናው ላይ ከጎኗ አንዲት ሴት ድመት በቅርጫት ይዛ ነበር። ወናጎ እስክንደርስ ታገሠች። ከወናጎ በኋላ፣ «የማን አይጥ ናት ይህን ያህል መንገድ የምታስጠራት?» አለቻት። እስከምንወርድ ድረስ ሲያወሩ እኔ ቅርጫቱን ያዝኩ።

ሽማግሌው ደጅ ላይ ጠበቁን። እናቴን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ና» አሏት። «ግባ፣ ወንድሜ። ቤትህ ነው።»

እናቴ እኔን አላየችኝም፤ ብታየኝ እንደምትስቅ ታውቃለች። «እሺ፣ መጣሁ» ብላ ገባች። በሩ አልጮኸም። መስኮቱ ገብቷል፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ብርሃኑ መደቡ ላይ፣ ልጇ የተኛበት ቦታ ላይ ወድቋል። እናቴ እዚያ ተቀመጠች። ባለቤታቸው ፊቷ ቆሙ። ሁለቱ አንድ ቋንቋ የላቸውም፤ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት ተያዩ። ከዚያ ሴትዮዋ አፉ ከተሸረፈው እንስራ በቅል ቀዱና፣ በቀኝ እጃቸው ቅሉን ይዘው፣ ግራ እጃቸውን ከእናቴ ማጅራት ሥር አደረጉ።

እናቴ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ጠጣች።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።